በአያ ጀይላን እግር ውስጥ ያሉት ዘበኞች

ከከሚሴ ወደ ሰንበቴ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ሞተሩ እያንቀጠቀጠን፣ ሙቀቱ ሁላችንንም በቁም እያስተኛን ነበር። ያኔ ነው የሰፈራችን የግመል ደላላ አያ ጀይላን እግራቸውን እየጎተቱ ገብተው አጠገቤ የተቀመጡት። ቀኝ እግራቸው እንደ ቅል አብጧል።

«አካም ጅርቱ፣ አያ? እግርዎን ምን ነካው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ዙቤይዳ። ከትናንት በስቲያ እሾህ ወጋኝ። ይህ እግር ካልዳነ ከግመል ኋላ መሄዴ ቀረ። ሰንበቴ በጋለ ብረት የሚተኩስ ሰው አለ፤ እባጩ ሽቅብ እንዳይወጣ ዙሪያውን ተኩሶ ያጥርልኛል።»

ከስምንተኛ ክፍል ብቀርም፣ ከዚያ ወዲህ እጄ የገባ መጽሐፍ ሳይነበብ አልወጣም። ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«የሚያስተኩሱት ማንን እንደሆነ ያውቃሉ? እባጩ እኮ ጠላት አይደለም፤ ዘበኛዎ ነው።»

«ወይ ጉድ! እግር የሚያሳብጥ ዘበኛ?»

«ዓይንዎን ይጨፍኑና ይስሙኝ። ቆዳዎ የግቢ አጥር ነው። እሾኹ ቀደደው፤ በቀዳዳው ዓይን የማያያቸው ተዋሲያን ገቡ። የተጎዳው ሥጋ ‹ድረሱልኝ!› አለ። ደም ስሮች ሰፉ፤ የቀላውና የሚያተኩሰው ለዚህ ነው። ግድግዳቸውም ሳስቶ ውሃ አሳለፈ፤ ያበጠው ለዚህ ነው። ነጭ የደም ሴሎች በዚያ ጎርፍ ይመጣሉ፤ ድምፅ የላቸው፣ ኮቴ የላቸው፣ በህልም እንደሚያልፉ ሰዎች። ጠላቱን ይውጡታል፤ ብዙዎቹም እዚያው ይቀራሉ። መግል የምንለው የእነሱ ሬሳ ነው።»

«ሱብሐነላህ» አሉ አያ ጀይላን፣ ከእንቅልፍ ማዶ እንደሚናገር ሰው። «ማን አስተማራቸው?»

«ማንም። እንደኔ ናቸው።»

«አቤት ኩራትሽ!» አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «አንቺ ከደብተር፣ እኔ ከአባቴ። ይኸው፣ በልጅነቴ ተተኩሼ ድኛለሁ።» እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩኝ።

«የተተኮሰው ቦታ አላበጠም ነበር?»

«እንዴታ! አብጦ፣ መግሎ፣ ወር አስተኝቶኛል።»

«ታዲያ ያንን እባጭ በምን አጠሩት?»

ጠባሳቸውን አዲስ ያገኙት ይመስል በጣታቸው ዳሰሱት።

«በምንም። ራሱ ነው የጎደለው።»

«ዘበኞቹ ናቸዋ! አንድ ቀዳዳ ሳይደፍኑ ብረቱ ሌላ ከፈተባቸው።»

«እንግዲያው ቤቴ ልተኛ፤ ይጨርሱት።»

«እሱም አይሆንም፤ ዘበኛም ይሸነፋል። የእሾኹ ስባሪ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታ ደግሞ ያለ ክትባት አይችሉትም። ጤና ጣቢያው ያው፣ ከመንገዱ ማዶ።»

አያ ጀይላን ወደ ማዶ አዩ፣ እግራቸውንም አዩ።

«ወራጅ አለ!»

«አያ፣ ገና መች ተንቀሳቀስን?» አለ ረዳቱ።

ጤና ጣቢያ ቁስሉ ታጠበ፣ ስባሪው ወጣ፣ ክትባቱን ተወጉ፣ መድኃኒትም ተሰጣቸው። ግማሽ ወር ሳይሞላ ግመል ሲነዱ አገኘኋቸው። ቁስልን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ሳያቃጥሉ ቶሎ መታከም፣ እግርንም የቤት ኑሮንም እንደሚያተርፍ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

«ትናንት ጎረቤቴ አደም የሚስቱን የሰሊማን ያበጠ ጣት ሊተኩስ ብረት ሲያግል ደረስኩበት» አሉኝ። «ስለ ዘበኞቹ ነግሬ ጤና ጣቢያ ሰደድኳቸው።»

«ከማን እንደሰሙት ነገሯቸው?»

«ከራሴ ነዋ! ‹ዙቤይዳ ነገረችኝ› ብል አደም ይሰማ ነበር?»

ተናደድኩ። ግን የሰሊማ ጣት ሳይቃጠል ተርፏል፤ እናም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አልኩ።