በፌስታል የተቋጠረው ኪኒን

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ነሐሴ ስምንት ቀን፣ በመንደርተኛቸው በሙሉጌታ እናት ለቅሶ ላይ ገበሬውን ሽታውን ያዋረደው የአጥር ጎረቤቱ አንዳርጋቸው ነበር። ሽታው የቅሬ ዕድሩን ድርሻ የሽምብራ ንፍሮ ይዞ ቢገባ፣ አንዳርጋቸው አንዷን ፍሬ ፈልጦ የተቀቀለ ነቀዝ አገኘባትና «ጎበዝ፣ ሽታው በጾም ሥጋ ሊያበላን ነው» አለ። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አልቃሹ ሳይቀር ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሽታው «አንተ» ይለው የነበረውን ሰው «እርስዎ» ይለው ጀመር።

ዘንድሮ በነሐሴ መጨረሻ ከውጫሌ ገበያ ሲመለሱ አንድ ባጃጅ አገናኛቸው። አንዳርጋቸው በፌስታል የተቋጠረ ነገር ይዟል። ሽታው ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ነበር፤ ነገር ግን ቋጠሮው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተው። ምን እንደሆነ ጠየቀ። አንዳርጋቸውም ለመስከረም የሚዘራውን ሽምብራ ነቀዝ ግማሹን ዱቄት እንዳደረገበት፣ ሁለት የነቀዝ ኪኒን ከጆንያው ሊጨምር እንደሆነ ነገረው። ጆንያው ያለው ጓዳ፣ የአንዳርጋቸው ልጅ ፋና ከተኛችበት ራስጌ ነው። ፋና ከወለደች ገና ዘጠኝ ቀኗ ነው።

ቂም ብዙ ነገር ያስችላል፤ አራስ ቤት ግን ይዘውት አይገቡም።

«አያ አንዳርጋቸው፣ ይህን ቤት አያስገቡ።»

«ለምን? ሻጩ ነቀዙ ባንድ ሌሊት ያልቃል ብሎኛል።»

«ያልቃል። ኪኒኑ ዓይን የማያየው ጭስ ይሆናል፤ ጭሱ ግን ነቀዝ መርጦ አይገድልም። ፋናም ጨቅላዋም የሚተነፍሱት እዚያው ነው።»

አንዳርጋቸው ፊቱን አጠቆረ። «ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥህ ሰው፣ ዛሬ ሐኪም ሆንህ?»

የባጃጁ ነጂ በመስታወቱ አያቸው። ሽታው ጥርሱን ነከሰና ቀጠለ። ከዚያ ለቅሶ በኋላ የግብርና ባለሙያዋን ኡሙሀኒን ጠይቆ፣ ኒም የሚባለውን መራራ ዛፍ ፍሬ በጥላ አድርቆ እየወቀጠ ሽምብራውን መጠበቅ እንደ ጀመረ ነገረው። እህሉ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ይነፋል፤ የተበሳው ይለቀማል። ከዚያ ለአንድ ቁና ሁለት እፍኝ ዱቄት እየታሸ ይገባበታል። ምሬቱ ነቀዟን እንቁላል እንዳትጥል ያደርጋታል።

«ቅጠላ ቅጠል ነቀዝ የሚያቆም ቢሆን አባቶቻችን መች ይስቱት ነበር?»

«አባቶቻችን አመድ ነስንሰዋል። ያገኙትን ሞክረዋል እንጂ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እኔን ካላመኑ እጅዎን ከጎተራዬ ይክተቱ።»

ከባጃጁ ወርደው ሽታው ቤት ገቡ። አንዳርጋቸው ክንዱን እስከ ክርኑ ሰደደ፤ ያወጣውን እየነከሰ ፈለጠ። አንድም የተበሳ አላገኘም።

ከዚያ የኒሙን ጥቅም ራሱ ይዘረዝር ጀመር፤ ፍሬው ከመንገድ ዳር ይለቀማል፣ የታሸበት ሽምብራ ሲዘራ ይበቅላል፣ ለንፍሮ ሲፈለግ ታጥቦ ይቀቀላል፣ አራስና ሕፃን ያለ ስጋት ያድራሉ። ኪኒኑን ለኡሙሀኒ እስኪያስረክብ ድረስ ከቤት አርቆ ዛፍ ላይ ሊሰቅለው ወሰነ። ሽታውም አንድ ቁና ዱቄት ሰፈረለት።

አንዳርጋቸው ደጅ ሲደርስ ዞረ።

«ዓምናም ይህንኑ ኪኒን ጓዳዬ ከትቼ፣ ልጆቼ ሲያስመልሳቸው አደረ። አጥር ለአጥር ሆነን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን እያወቅህ ለምን ዝም አልኸኝ?»

ሽታው መኮትኮቻውን ከግድግዳው ላይ አነሣ። በአጠገቡ አልፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቁልቁል ወደ ማሳው ሄደ።