የወይዘሮ ጥሩአለም ስድስት ክረምቶች

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከጊቫት ኦልጋና ከናሕሊኤል ሰፈሮች የመጣችሁ ዘመዶቻችንና ጎረቤቶቻችን፣ እንዲሁም በወዲያ በኩል የቆማችሁ የዚህ ቁምስና፣ ማለት የዚህ ቤተ ክርስቲያን፣ ምእመናን፤ እኔ የሟች ባለቤት የነበረው የአቶ ገበያው ታላቅ ወንድም አማረ ነኝ። ይህን ዜና ሕይወት እንዳነብ ያዘዘችኝ ልጃቸው ሳሪት ስትሆን፣ እናቷ በመጨረሻዎቹ ቀናት የነገሯትን እሷ ስትተርክልኝ ጻፍኩ፣ በዓይኔ ያየሁትንም ጨመርኩበት። ብዙዎቻችሁ ዛሬ በሀደራ መሃል ከተማ በሚገኝ የካቶሊኮች አዳራሽ፣ መስቀል ሥር ለምን እንደተሰበሰባችሁ እርስ በርስ ስትጠያየቁ ሰምቻለሁ። ከዘጠኝ ቀን በፊት ብትጠይቁኝ እኔም መልስ አልነበረኝም፤ እንዲያውም ከሁላችሁ በላይ የምቆጣው እኔ ነበርኩ።

ወይዘሮ ጥሩአለም ከአባታቸው ከአቶ ገብረሥላሴ ሐጎስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን ተስፋይ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 ዓመተ ምሕረት በዓዲግራት አካባቢ ተወለዱ። ቤተሰቡ ካቶሊክ ስለነበረ በሰማንያ ቀናቸው ሉቺያ ተብለው ተጠመቁ። አዎን፣ በትክክል ነው ያነበብኩት፤ መነጽሬንም አድርጌያለሁ።

ሰባት ዓመት ሲሞላቸው እናትና አባታቸውን በአንድ ወረርሽኝ አጥተው፣ አክስታቸው ወደ ጎንደር ከተማ ወስደው ለካቶሊክ ደናግል መነኮሳይያት አዳሪ ቤት ሰጧቸው፤ በዚያም እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ፣ ስፌትና የወጥ ቤት ሥራም ለመዱ። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ ቁምስናው የሰፈሩን ሕፃናት ሰብስቦ፣ ጠዋት ትምህርተ ክርስቶስ፣ ከሰዓት በኋላ መዝሙርና የእጅ ሥራ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ደግሞ የገመድ ዝላይና ሩጫ ያዘጋጅ ነበር። ወይዘሮ ጥሩአለም ከአሥራ አምስት ዓመታቸው ጀምሮ የትንንሾቹ ኃላፊ ሆነው ምሳቸውን ሲያበስሉ፣ አፍንጫቸውን ሲጠርጉ፣ ሲያስታርቁና ሲያስተኙ ክረምቱ ያልቅ ነበር። ስማቸውን ሳይደብቁ፣ ማንንም ሳይፈሩ የኖሩበት ዘመን ያ ብቻ እንደነበረ ለሳሪት ነግረዋታል።

በ1973 ወንድሜ ገበያው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሳቸው ያኔም ይኖሩበት የነበረውን የአዳሪ ቤት በሮች ማጠፊያ ሊሠራ ገባ። እንደምታውቁት እኛ ቤተ እስራኤሎች ቀጥቃጮች ነን፤ በር ሊጠግን የገባው ልጅ ግን ሦስት ወር ቆየ። ያን ያህል የሚቆይ በር የለም፤ ነገሩ የገባኝ አሁን ነው። ከሌላ ሃይማኖት ማግባት በእኛ ዘንድ እንደ ሞት የሚቆጠር ስለነበረ፣ ወደ መንደራችን ሲያመጣቸው በሽሬ ከሚኖሩት ወገኖቻችን የተወለዱ ናቸው አለን። እኔም ታላቅ ነኝና እንደ ደንባችን ሰባት ቤት አስቆጠርኳቸው። ወይዘሮ ጥሩአለም ወንድሜ መንገድ ላይ ፈጥሮ ያስጠናቸውን የሰባት አባቶች ስም አንድም ሳይሰናከሉ ቆጠሩልኝ። የእኛ ልጆች እንኳ እንዲህ አጥርተው አይቆጥሩም ብዬ በጉባኤ መካከል ማመስገኔን አስታውሳለሁ፣ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚያ ሰባት ስሞች እንደ አጥር ከበቧቸው። በ1984 ከመንደሩ ሰው ጋር በእግራቸው ወደ ሱዳን ወርደው፣ በዚያ በስደተኞች መጠለያ የመጨረሻ ልጃቸውን ቀብረው፣ በ1985 መጀመሪያ ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ከሳሪትና ከዮራም ጋር ወደዚህ አገር፣ ወደ እስራኤል፣ ገቡ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም በጊቫት ኦልጋ በሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተሰጣቸው። ከትግራይ የመጡ ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት ሰርግም ሆነ ለቅሶ አይቀመጡም ነበር፤ የማን ልጅ ነሽ የሚል ሰው እንዳይመጣባቸው ሳህን ያጥቡ፣ ውኃ ያቀርቡ፣ ከሁሉ ቀድመውም ይወጡ ነበር። እኛ ይህን ትሕትና እንለው ነበር። አንዳንዶቻችሁ ኩራት ነው ትሉ ነበር፤ ማን ማን እንዳላችሁ አልጠራም።

ወንድሜ በ1991 በልብ ሕመም ሲያርፍ፣ ስለ ልጆቹ ሲሉ አንድም ቀን ለማንም እንዳይናገሩ አስማላቸው። በዚህ አገር የልጅ አይሁድነት በእናቱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ እናትየው ሌላ ከሆኑ ሳሪትም ዮራምም ነገ ትዳር ሲይዙ በሃይማኖት ፍርድ ቤት ደጅ ይቆማሉ። ስለዚህ ወይዘሮ ጥሩአለም እውነቱን ቢናገሩ ልጆቻቸውን ሊጎዱ፣ ዝም ቢሉ ራሳቸውን ሊቀብሩ ሆነ። ምስጢሩን የሚያውቅላቸው አንድ ሰው ነበረ፣ እሱም ሞተ።

በ1992 የኒቃዮን፣ ማለት የጽዳት ሥራ አግኝተው የዚህን ሕንፃ ደረጃዎች ያጥቡ ጀመር። በዚያው ዓመት በሐምሌ አንድ ማለዳ፣ መጥረጊያቸውን ይዘው ከላይ ሲወርዱ ከዚህ አዳራሽ ሕፃናት ሲዘምሩ ሰሙ፤ ቋንቋው ዕብራይስጥ ነበር፣ ዜማው ግን በጎንደር ለትንንሾቹ ያስጠኑት ነበር። እዚያው ደረጃው ላይ እንደተቀመጡ መዝሙሩ አለቀ። በወቅቱ ቁምስናው ለሠራተኛ ስደተኞች ልጆች የሁለት ወር ካይታና፣ ማለት የእረፍት ጊዜ መዋያ ከፍቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን የምታበስለው ሴት በመቅረቷ አርባ ልጅ ጾሙን ሊውል ሆነ፤ የቁምስናው ቄስ አባ ዳቪድ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ሲቆሙ፣ ወይዘሮ ጥሩአለም ወጥ ቤት ገብተው ሽንኩርት መላጥ ጀመሩ።

እንዲህ ሆነው ስድስት ክረምት ሠሩ። እዚህ አገር ሐምሌና ነሐሴ አናት የሚበሳ ፀሐይ እንጂ ዝናብ እንደሌለው እያወቁ፣ እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ክረምት ነበር የሚሉት። ጠዋት ከልጆቹ በፊት አባ ዳቪድ በሚያሳርጉት አጭር ቅዳሴ ላይ ይቆማሉ፤ ከዚያ ያበስላሉ፣ ከሰዓት በኋላ ለትያትሩ የመላእክትና የእረኞች ልብስ ይሰፋሉ፣ የተጣሉትን ያስታርቃሉ፣ ማታ ደረጃቸውን አጥበው ወደ ቤት ይመለሳሉ። በሌላው የዓመቱ ጊዜ ቅዳሴው ቅዳሜ ስለሚሆን፣ ቅዳሜ ደግሞ ሰንበታችን ሆኖ ቤታቸው በእኛ የተሞላ ስለሆነ፣ መምጣት አይችሉም ነበር። አሥር ወር ሁለቱን ወር ይጠብቃሉ። እኔ ሐምሌ ሲገባ ፊታቸው ሲፈካ እያየሁ፣ ስፖንጃ፣ ወለል ማጠብ፣ እንዲህ የሚያስደስተው ሰው አላየሁም እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። ደረጃ የሚያጥብ ሰው የበረኪና እንጂ የሽንኩርት ሽታ እንደማይሸት እንኳ አላስተዋልኩም።

ነገር ግን ያ ደስታ ራሱ በር ነበረው፤ የበሩም ቁልፍ በእኛ እጅ ነበር። በየረቡዑ ቁምስናው ልጆቹን ወደ ጊቫት ኦልጋ ባሕር ዳርቻ ያወጣል፤ ወይዘሮ ጥሩአለም ግን ጎረቤት እንዳያያቸው አብረው መውጣት ስለማይችሉ፣ ረቡዕ ረቡዕ አመመኝ ብለው ቤታቸው ይውላሉ። ሳሪት ትነግረኛለች፣ በዚያ ሙቀት ትሪሱን፣ ያን የመስኮት መዝጊያ፣ እስከ ታች አውርደው በቀዳዳው ሲመለከቱ ይውሉ ነበር፤ ከልጆቹ ማን ውኃ እንደፈራ፣ ማን ኮፍያውን እንደጣለ ከሦስተኛ ፎቅ ይቆጥራሉ። ከገዛ ቤታቸው እስከ አሸዋው ሁለት መቶ እርምጃ አይሆንም።

በ1996 አንድ ረቡዕ እኔ ከናሕሊኤል ልጠይቃቸው መጥቼ፣ ሊሸኙኝ አውቶቡስ መቆሚያው ድረስ ወጡ። ማሪቤል የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ፣ እናቷ አዛውንት የምታስታምም ፊሊፒናዊት ናት፣ ፀጉሯ ውኃ እያንጠባጠበ ከልጆቹ ሰልፍ አምልጣ፣ «ሳብታ ሉቺያ! ሳብታ ሉቺያ!» እያለች ቀሚሳቸው ላይ ተጠመጠመች። ሳብታ ማለት አያቴ ማለት ነው። ይህች ደግሞ የማን ናት ብዬ ጠየቅኩ። ወይዘሮ ጥሩአለም የልጅቱን ጣቶች አንድ በአንድ ከቀሚሳቸው አላቀቁና፣ «እንጃ ጋሼ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተምታታሁባት መሰለኝ» አሉኝ። ልጅቱ ቆማ አየቻቸው፣ ከዚያም አለቀሰች፤ እሳቸው ግን አውቶቡሱን አሻግረው ያዩ ነበር። በማግስቱ ማሪቤል ካይታናው መጥታ እንደወትሮዋ ምሳዋን በላች፤ ያን ስም ግን ደግማ አልጠራቻቸውም። ወይዘሮ ጥሩአለም በሕይወታቸው ብዙ ችለዋል፣ ሱዳን የቀበሩት ልጅ አለ፤ ሆኖም በሞት አልጋቸው ላይ ሆነው ደጋግመው ያነሡት ያን የአውቶቡስ መቆሚያ ነበር።

ከ1997 ክረምት በኋላ የሆድ ሕመም ጀመራቸው፤ ሐኪሞቹም ካንሰር መሆኑን ነገሯቸው። ባለፈው ግንቦት ቤት ሖሊም፣ ማለት ሆስፒታል ሲገቡ፣ እኛ እንደ ባህላችን ሕመምተኛ ብቻውን አይተኛም ብለን ተነሣን። ተራውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጠዋት አራት፣ ከሰዓት በኋላ አምስት፣ ማታ ሦስት ሰው መድቤ፣ ተራው ያልደረሰውም እየመጣ፣ ነርሶቹ እስኪሰለቹን ድረስ ክፍሉን ሞላነው። ለአሥራ ዘጠኝ ቀን አንዲት ሩብ ሰዓት ለብቻቸው አልተውናቸውም፤ እኔም በዚህ እኮራ ነበር፣ ለሰው ሁሉ አወራ ነበር።

እሳቸው የሚሹት ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ንስሐቸውን ተናዝዘው፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው መሞት። አባ ዳቪድ በአንዲት ነርስ በኩል በስልክ ተጠርተው ሦስት ጊዜ መጡ፤ ሦስቱንም ጊዜ ትንሽ ቦርሳቸውን እንደያዙ ከበሩ ተመለሱ። በሁለተኛው ጊዜ በር ላይ ያገኘኋቸው እኔ ራሴ ነኝ፤ ማንን ፈልገው ነው ብላቸው ክፍል ተሳስቻለሁ አሉኝ፣ እኔም በትሕትና አሳንሰሩን አሳየኋቸው። ወይዘሮ ጥሩአለም ከአልጋቸው ሆነው ይህን ሁሉ ያዩ ነበር። «ጋሼ፣ ደክሞዎታል፣ ቤት ሄደው ትንሽ ይረፉ» ሲሉኝ፣ እኔ ለእኔ ማዘናቸው መስሎኝ ወንበሬን ወደ አልጋው አስጠጋሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ በፍቅራችን ነው በር የዘጋንባቸው።

በሃያኛው ቀን የሳሪትን እጅ ስበው በጆሮዋ የሃያ አምስት ዓመቱን ነገር በጥቂት ቃል ነገሯት። እሷም ተነሣችና፣ «ዳይ፣ በቃ! ሁላችሁም ውጡልኝ፣ በቫካሻ፣ እባካችሁ። ጋሼ፣ እርስዎም» አለች። እንዴት እንዲህ ትናገሪኛለሽ ብዬ ጮህኩ፤ እሷ ግን ክንዴን ይዛ አስወጣችኝና በሦስተኛው ጊዜም ከበሩ ተመልሰው ከአሳንሰሩ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁ የነበሩትን አባ ዳቪድን አስገባች። በሩ ለአርባ ደቂቃ ተዘጋ። እኔም ኮሪደር ላይ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማያገባኝ በር ፊት ቆምኩ። ወይዘሮ ጥሩአለም ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ብቻ ቆይተው፣ ሰኔ 14 ቀን 1998 በተወለዱ በአርባ ስምንት ዓመታቸው በእርጋታ አረፉ።

የት ይቀበሩ የሚለውን የወሰነችው ሳሪት ናት። እናቷ ዝም ብለሽ ሀደራ በአይሁድ መቃብር ቅበሪኝ፣ እናንተን አይንካ ብለዋት ነበር፤ እሷ ግን የሚጠብቃትን ጥያቄ ሁሉ እያወቀች፣ እማዬን ሞታም አላሠቃያትም፣ በካቶሊኮች መቃብር ትረፍ አለችን። ወታደሩ ዮራም ለሁለት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረም፤ ዛሬ ግን ሬሳ ሳጥኑን ከፊት የሚሸከመው እሱ ነው። ዛሬ የቀሩ ዘመዶች አሉ፤ የመጣችሁትን እግዚአብሔር ያክብራችሁ።

ወይዘሮ ጥሩአለም ገብረሥላሴ አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ፣ እንደ እህት የሚያዝንላቸውን እኔን አማረን፣ የሟች ባለቤታቸውን ዘመዶችና የጊቫት ኦልጋ ጎረቤቶቻቸውን፣ እንዲሁም በስድስት ክረምት ያበሏቸውንና ያለበሷቸውን ከሁለት መቶ የሚበልጡ የዚህ ቁምስና ልጆችን ትተው አልፈዋል። የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ያኑርልን፤ ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ ለእኛም ያጠፋነውን የምናይበት ዓይን ይስጠን። እኔ ማለት የምችለው ጸሎት ይህን ያህል ነው። የቀረውን የሚያደርሱላቸው የእሳቸው ሰዎች ናቸውና፣ ዘመዶቼ፣ ከጊቫት ኦልጋና ከናሕሊኤል የመጣን ሁላችን፣ እባካችሁ አሁን ተነሥተን ወደ ውጭ እንውጣላቸው።