ቨርና ራትሊፍ ያመነችው ክስ

— ሄሎ… አዎ፣ ቨርና ነኝ። ቨርና ራትሊፍ… ከየት ነው የሚደውሉት?… ከጆርጂያ። እሺ፣ እሺ፣ አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ፣ ስልኩ እዚህ ጋ ይቆራረጣል። ወደ መስኮቱ ልጠጋ… ሄሎ፣ አሁንስ ይሰማል?… እኔም ይሰማኛል። ኤልዉድ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሰው። ፍርድ ቤቱ ነው… ፍርድ ቤቱ አልኩህ፣ የመንጃ ፈቃዴ ጉዳይ።

ይህን ስልክ ስትጠብቅ ወር አልፏታል። በሴፕቴምበር መጀመሪያ መንጃ ፈቃዷን ልታሳድስ ብትሄድ፣ ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠችው ልጅ ኮምፒዩተሯን አይታ አይታ፣ «ጆርጂያ ውስጥ ያልተዘጋ ክስ አለብዎት፤ እሱ ሳይዘጋ እዚህ ኬንታኪ መንዳት አይችሉም» አለቻት። አሮጌውን መንጃ ፈቃድ ተቀብላም እዚያው ፊቷ በመቀስ ቆረጠችው።

ቨርና ለራሷ ቢሆን ግድ አልነበራትም። ባሏ ኤልዉድ ግን ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ፣ ተራራውን ተሻግሮ ስልሳ ማይል ርቆ ደሙ መታጠብ አለበት። ሕመምተኞችን እየዞረች ትወስድ የነበረችው መኪና በበጋው ወደነሱ ሸለቆ መምጣት አቁማለች። ከሷ በቀር የሚነዳለት ሰው የለም።

— ልክ ነው፣ እሱን አውቀዋለሁ። ጁላይ 2004… ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ፣ አዎ። የባለቤቴ ወንድም ፍሎሪዳ ሞቶ ለቀብር ስንሄድ ነው። የቅጣት ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ በዚያው ቀረ። አልክድም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ምንም ሳትሉኝ አሁን እንዴት?… አሃ፣ የድሮዎቹን ወረቀቶች ዘንድሮ ነው ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባችኋቸው… ይሁን። ስምዎት ማን ነው?… ጃኔል። ጃኔል፣ አንቺ ልበልሽ፣ ድምፅሽ የልጅ ነው። እኔ ክርክር የለኝም። ዛሬውኑ ልጨርሰው፣ አንቺም ዝጊልኝ…

— ሁለት? ሁለት ክስ ነው የምትዪኝ?

— የለም ልጄ፣ አንድ ነው። ጆርጂያን የረገጥኩት በዕድሜዬ አንዴ ነው… ማርች 2009? እዚሁ ነበርኩ። ካፍቴሪያ ነው የምሠራው፣ የትምህርት ቤት፣ በማርች ልጆቹን ትቼ የትም አልሄድም… ሹፌሯ መንጃ ፈቃድ አሳይታለች? የኔን? ቁጥሩን እስቲ አንብቢልኝ።

ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። ልጅቷ ስታነብ ከንፈሯ አብሮ ተንቀሳቀሰ።

— አዎ… አዎ፣ የኔ ነው።

በ2008 መጨረሻ መንጃ ፈቃዷ ጠፍቶባት ነበር። ገበያ ጣልኩት ብላ ሌላ አወጣች፣ ከዚያ ወዲህ አስባውም አታውቅም። አሁን ግን የጠፋበት ሳምንት ከነቀኑ መጣባት። ታናሽ እህቷ ግሌና ቤቷ የመጣችበት ሳምንት ነበር።

ሁለት ዓመት ነው የሚበላለጡት። ትልልቅ ሴቶች ሆነው እንኳ ሰው አንዷን በሌላዋ ስም ይጠራ ነበር። ግሌና ወገቧን ታማ ሐኪም ያዘዘላት ክኒን ሱስ ሆነባትና እሷነቷን ወሰደው። ቀድሞ ቤታቸው ሰንብታ የኤልዉድን የሥራ ዕቃ አንድ ሳታስቀር ሸጣበታለች። ከዚያ አራት ዓመት ጠፍታ ቆይታ በዚያ ኖቬምበር መጣች። እስከ ጸደይ አስጠጊኝ አለች። ቨርና አይሆንም አለቻት። ባዶ እጇን አልሸኛትም ለማለት ያህል ጓዳ ገብታ የራሷን ካፖርት አመጣችላት። የቨርና ቦርሳ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበር። የግሌና መኪና ከታች መንገዱ ዳር ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ ነበር፤ ቨርና አልወረደችም፣ ከበረንዳው እጇን አንሥታ ብቻ ተሰናበተቻት። በዓመት ከሦስት ወሩ ከጆርጂያ ተደወለ፦ ግሌና አንድ ርካሽ ሆቴል ክፍል ውስጥ ሞታ ተገኝታለች። አስከሬኗን አስመጥተው ከእናታቸው ጎን ቀበሯት።

— አለሁ፣ እየሰማሁሽ ነው… ከፍጥነት በላይ አይደለም? ታዲያ ምንድን ነው ክሱ?… የምን ሕፃን?

— ቆይ፣ ቆይ ጃኔል። ፖሊሱ የጻፈውን እንዳለ አንብቢልኝ፣ አንድም ቃል አትዝለዪ… ሴት ልጅ። ሁለት ዓመት የሚሆናት… ፊት ወንበር ላይ፣ ያለ ሕፃን መቀመጫ፣ በትልቅ ሰው ካፖርት ተጠቅልላ… የካፖርቱን ቀለም ይላል?… አይልም። እሺ። ሹፌሯስ ምን አለች?… ሐኪም ቤት እየወሰድኳት ነው አለች። ሌላስ?… ልጅቷን ስሟን ጠየቃት… መለሰችለት? ምን ብላ?… ጽሑፉ አይነበብም? ፊደሉን አንድ በአንድ ንገሪኝ፣ እኔ እገጣጥመዋለሁ… ኦ… ፒ… ኤ… ኤል።

ቨርና የእቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ያዘች። ኦፓል እናታቸው ናት። ግሌና ልጅ ወለደች ብሎ የነገራት ሰው የለም፤ ስለሞቷ የደወለው ፖሊስም፣ አስከሬኑን ያመጡት ሰዎችም። ያ ሞተሩ ያልጠፋ መኪና ትዝ አላት፤ ለምን እንዳላጠፋችው አሁን ገባት። ብርድ ነበር፤ መኪናው ውስጥ ልጅቷ ነበረች።

— አለሁ… አለሁ ልጄ፣ አልተቋረጠም… የለም፣ ደህና ነኝ። ኤልዉድ፣ ምንም አይደለም፣ አትነሣ። ቁጥር እያነበበችልኝ ነው። እግርህን ትራሱ ላይ መልሰው።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

— ጃኔል፣ ስሚኝ። ያቺ ሹፌር እኔ አይደለሁም። እህቴ ናት። ግሌና ትባላለች፣ ሞታለች። መንጃ ፈቃዴን ከቦርሳዬ ወስዳው ነው። ልጅቷ ደግሞ የሷ ልጅ ናት፣ እስከዛሬ መኖሯንም አላውቅም… መናገሬን ላቁም? ለምን?… እሺ። እሺ፣ አስረጂኝ።

የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ረጅም ነገር ተናገረች። ቨርና ጣቷን መስታወቱ ላይ እያስኬደች ሰማቻት።

— ልድገመውና ከተሳሳትኩ አርሚኝ። እኔ አልነበርኩም ካልኩ ቀጠሮ ይያዝልኛል፣ በአካል ነው፣ እዚያ ድረስ። የሞት ማስረጃዋን ይዤ፣ አሻራ ሰጥቼ… ጃንዋሪ አሥራ አራት። ከዚያ የቀረበ የለም?… የለም። እስከዚያ እገዳው አይነሣም… ገባኝ። እኔ ነበርኩ ካልኩ ግን አሁኑኑ በስልክ ያልቃል። ነገ ጠዋት ዳኛው ይፈርማል፣ ነገ ማታ ኬንታኪ ይደርሳል… ሐሙስ መንጃ ፈቃዴን እወስዳለሁ።

— አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያቺ ልጅ የት እንደደረሰች እናንተ ጋ የሚታወቅ ነገር አለ?… የሕፃናት ጉዳይ፣ ሌላ ቢሮ ነው። እነሱ ቢጠየቁስ?… መነሻ ይፈልጋሉ። ምን ዓይነት መነሻ?… ልጅቷን ከግሌና ጋር የሚያይዝ ወረቀት… ከዚህ ሌላ ወረቀት አለ?… በናንተ መዝገብ ይኼ ብቻ ነው።

— እንግዲህ እኔ ነበርኩ ካልኩ ልጅቷም እኔ ጋ የነበረች ልጅ ትሆናለች። ግሌና እዚያ መኪና ውስጥ አልነበረችም ማለት ነው… በኋላ ተመልሼ እውነቱን ልናገር ብልስ? ልጨርሰውና፣ በጃንዋሪ…? እስር አለው?… አዎ፣ በመሐላ መዋሸት፣ ገባኝ። የኔን ቃልም ከዚያ በኋላ ማንም አይቀበለውም። ልክ ነሽ።

ልጅቷ በሕይወት ካለች አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል፣ አንድ ዓመት ቢጨመር ነው። ቨርናና ኤልዉድ ልጅ አልወለዱም።

— ጊዜ ውሰጂ ትይኛለሽ፣ ጊዜ የለኝማ። ባለቤቴ እጥበት ላይ ነው፣ የኩላሊት… ባለፈው ሳምንት ረቡዕ አልሄደም፣ አርብም አልሄደም። ትናንት ጎረቤታችን ክላይድ ወሰደው፣ እሱም ከሰኞ በቀር ሥራው አይፈቅድለትም… የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተራ ገብተው ነበር፣ ሁለት ሳምንት ሠራ፣ ከዚያ ሁሉም የየራሱ ጣጣ አለበት፣ አልፈርድባቸውም… አምቡላንስም ጠይቄአለሁ፣ ራሱን ሲስት ጥሪን ነው የሚሉኝ። ትናንት ነርሷ ለብቻዬ ጠራችኝ። ልቡ ውሃ ይዟል አለችኝ። እንዲህ እየዘለለ ከቀጠለ ወር አይቆይም። አንቺ ደግሞ ጃንዋሪ ትይኛለሽ፣ ገና ኦክቶበር ነው… እኔ ነድቼ ወስጄው እንደማውቅ? አንቺ የፍርድ ቤት ሰው አይደለሽም? እንግዲያው እሱን አትጠይቂኝ።

አንድ ቀን ነድታለች። ድልድዩ ጋ የሸሪፉ ፖሊስ አስቆማት፤ ከልጅነቷ የሚያውቃት ሰው ነው። ኤልዉድን በመስኮት አየውና ባርኔጣውን ገፋ አድርጎ፣ «ቨርና፣ ዛሬ አላየሁሽም። ሁለተኛ ካየሁሽ ግን መኪናውንም አንቺንም ነው የምወስደው» አላት። እንደሚያደርገውም ታውቃለች።

ከኋላዋ ኤልዉድ ሳለ። ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ አርባ ዓመት የጠጣው የከሰል አቧራ ነው የሚያስለው፣ አሁን ደግሞ ውሃው ተጨምሮበት ሳሉ እንደ ረጠበ ጨርቅ ከብዷል። ቁርጭምጭሚቱ ከካልሲው በላይ ተርፎ አብጧል። ቨርና ዘወር ብላ አየችው። ሳቅ አለላት፣ በእጁም «ምን አሉ?» አላት።

— እያለቀ ነው… እያለቀ ነው አልኩህ።

— ጃኔል፣ አለሽ?… አምናለሁ። ሁለቱንም… አዎ፣ አስቤበታለሁ። ከመጀመርሽ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ያን ፖሊሱ በእጁ የጻፈውን ወረቀት ኮፒ አድርገሽ ትልኪልኛለሽ? ጀርባውንም… አዎ፣ ስሟን የጻፈበትን። ለምንም አይደለም፣ እኔ ጋ እንዲኖር ነው… እግዜር ይስጥሽ። አታልቅሺ ልጄ፣ አንቺ ምን አደረግሽ። በይ ጀምሪ።

ቀጥ ብላ ቆመች። ፀጉሯን ከግንባሯ መለሰች፣ የሚያያት ሰው ያለ ይመስል።

— ዝግጁ ነኝ… ቨርና ጆይ ራትሊፍ… ሴፕቴምበር ሦስት፣ 1971… ማንም አላስገደደኝም… እውነቱን ለመናገር እምላለሁ… አዎ፣ ጁላይ 2004 የነዳሁት እኔ ነበርኩ። ጥፋተኛ ነኝ… አዎ፣ እየሰማሁ ነው። ማርች 2009…

ጸሐፊዋ ጥያቄውን ደገመችላት።

— የነዳሁት እኔ ነበርኩ… አዎ። ጥፋተኛ ነኝ… አዎ፣ ሕፃኗ ከኔ ጋር ነበረች… ፊት ወንበር ላይ፣ አዎ… ምኔ እንደሆነች? ይኼም ይጠየቃል?… ልጄ ናት… እርግጠኛ ነኝ። ልጄ ናት። ኦፓል… ዕድሜዋ ያኔ ሁለት ዓመት… የለም፣ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

— ጨረስን?… የሚፈረመውን ወረቀት ፋርማሲው ጋ በፋክስ ላኪልኝ፣ እዚያ ያውቁኛል፣ በእግሬ እደርሳለሁ… ክፍያውን እዚያው ሆኜ በስልክ እጨርሳለሁ… አይ፣ የነገው እጥበት ያልፈዋል፣ ምን ይደረጋል። አርብ እኔ እወስደዋለሁ… አመሰግናለሁ ጃኔል። ደህና ሁኚ… እሺ፣ አልረሳም… ደህና ሁኚ።

ስልኩን ዘጋችና መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። ኤልዉድ ቴሌቪዥኑን ጭራሽ አጥፍቶት ነበር። በአንድ ጆሮው ብቻ ነው የሚሰማው፤ ያም ጆሮ ወደሷ ነበር።

— አለቀ። አርብ እኔ ነኝ የምወስድህ… አዎ፣ ሁለቱንም ዘጉልኝ… የቷ ልጅ?

ትራሱን አንሥታ አራገፈችው፣ እግሩን ቀስ አድርጋ መልሳ ጫነችለት። ጣቷ ያረፈበት ቦታ ቆዳው ላይ ጎድጉዶ ቀረ።

— ማንም አይደለችም፣ ኤልዉድ። እንዲህ በይ አሉኝ፣ አልኩ። ጋደም በል አሁን።