የማይጠየቀው መሰላል

ያን ዓርብ ከፖሊስ ጣቢያ ስመለስ ንዴቴ አልበረደም ነበር። ማክሰኞ በጠራራ ፀሐይ፣ የጤና ጣቢያችንን ሶላሮች በሙሉ ከጣሪያው አውርደው ወሰዱብን። ሌሊት አይደለም፤ አጥር ዘለውም አይደለም። ቱታ ለብሰው፣ በዋናው በር ገብተው፣ ሰው ቆሞ እያያቸው ነው። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይህ ነው። የክትባት ፍሪጁ በማግስቱ ሞቀ። መርማሪው «ጉዳቱን አሳዪኝ» ስላለኝ የተበላሸውን ክትባት በካርቶን አቅፌ ሄጄ ነበር፤ አየና «እናጣራለን» ብሎ መለሰኝ።

መንገዴ በሽማግሌው አናጢ ሱቅ በኩል ነው። ሰፈሩ «ባለመሰላሉ» ይላቸዋል። ረጅም መሰላል ያላቸው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ጣሪያ የሚያፈስበትም፣ ቀለም የሚቀባም፣ አንቴና የሚያዞርም ከግድግዳቸው አውርዶ ይወስዳል፤ ሲጨርስ መልሶ ይሰቅላል። አስፈቅዶ የሚወስድ የለም፣ ወዴት ነህ የሚልም የለም። አባታቸው ያወጡት ደንብ ነው። ሰፈሩ በዚህ ይኮራል፤ እኔም እስከ ማክሰኞ ድረስ እኮራ ነበር።

ሳልፍ መሰላሉ ቦታው ላይ ተሰቅሏል። እግሩ ላይ የጤና ጣቢያችን ግቢ ቀይ አፈር ደርቆበታል። ይህን ሳይ ደሜ ፈላ፤ ገባሁ።

«እንደምን ዋሉ አባባ?»

«ይመስገን። ምነው ሲስተር፣ ፊትሽ ጠቁሯል?» አሉኝ መላጊያቸውን በሳንቃ ላይ እየገፉ።

«ማክሰኞ ይህን መሰላል ማን ወሰደው?»

«ሰዎች ናቸዋ። አመስግነው መለሱት።»

«ሌቦች ናቸው አባባ። ጣሪያችንን የገፈፉት በዚህ መሰላል ወጥተው ነው።»

«ሰምቻለሁ፤ አዝኛለሁም። ታዲያ የእኔ ጥፋት ምንድን ነው? ቢላ የሸጠ ነጋዴ በገዳይ ይጠየቃል እንዴ?»

«ማን እንደላካቸው ጠየቋቸው?»

«አንቺ ልጅ፣ በአባቴ ጊዜ መሰላል የተዋሰ ሰው ተጠይቆ አያውቅም። ደግሞስ ዘበኛ አላችሁ አይደል? ሶላሩ የመንግሥት፣ ዘበኛውም የመንግሥት። ባለቤት ያለውን ዕቃ እኔ ለምን ልጠብቅ?»

እኔን የምታሳብደኝ ይህች ንግግር ናት። የመንግሥት ቧንቧ ሲሰበር እጃችንን ኪሳችን ከተን እናያለን፤ ውኃው ሲጠፋ ግን የሚጠማው መንግሥት አይደለም፣ እኛው ነን። ካርቶኑን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥሁት።

«ዘበኛው ያለውን ልንገርዎት። 'ሶላሩን ልናጥብ ተልከን ነው አሉኝ። ማን ላካችሁ ልል ስል የአባባን መሰላል አየሁ፤ እሳቸው ካወቋቸው ብዬ ዝም አልሁ' ነው ያለው። የካርድ ክፍሏም ልጅ እንዲሁ። በር ላይ ሻይ የምትሸጠዋም እንዲሁ። ሁሉም ያየው መሰላሉን ነው። እርስዎ ያዋሷቸው እንጨት እንዳይመስልዎ፤ ስምዎን ተሸክመው ነው የገቡት።»

መላጊያው ቆመ። ሽማግሌው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ያን ሁሉ ዕቃ ማንም በሚፈታው ብሎን አስራችሁ ስታበቁ፣ ዛሬ በእኔ ትመጪብኛለሽ? እኔ እንኳ የበር ማጠፊያ ስገጥም ብሎኑን ከውጭ እንዳይፈታ አድርጌ ነው።»

«እሱስ እውነትዎን ነው። የገጠሙት ሰዎች ተቻኩለው ሄዱ፤ የተረከበውም ከታች አንጋጦ አየና በቃኝ አለ። ሰኞ አዲስ ሶላር ይመጣል። አሁን ብሎኑ ይበየዳል፤ የጤና ጣቢያው ስም በየክፈፉ ላይ ይቀረጻል። ግን ብየዳን የሚቆርጥ መጋዝ አለ አባባ። ሰው ዝም ካለ ብረት ብቻውን ምን ያደርጋል? ይህኛውም ከጠፋ ደግሞ ወረዳው ሌላ አልሰጥም ብሎናል።»

«እና እኔ ፖሊስ ልሁን? የጎረቤቴን ልጅ 'ማን ላከህ' ብዬ ላሳፍረው? ነገ ሽማግሌው በስተርጅና ንፉግ ሆኑ ቢባልስ? ይህን ስም ያቆየሁት ዕድሜዬን ሙሉ ነው።»

«ስሙንማ ማክሰኞ ሰረቁዎት። ጥያቄ የሚያስደነግጠው ሌባን ነው፤ ጎረቤት ቢጠየቅ 'ቤቴ አፈሰሰ' ይላል፣ አለቀ።»

«አይሆንም። ደንብ ደንብ ነው» ብለው መላጊያቸውን አነሱ።

ከዚህ በኋላ የተናገርሁትን በትሕትና ተናገርሁ ማለት አልችልም። ካርቶኑን ከፈትሁት።

«ይህ የኩፍኝ ክትባት ነው። ኩፍኝ የላይኛው ሰፈር እንደገባ ሰምተዋል። ዛሬ ማለዳ ልጅዎ ሕፃኗን ታቅፋ መጥታ ነበር። ዘጠኝ ወሯን ደፍናለች፤ ቀኗ ነው። መለስኋት። ከነዚህ ብልቃጦች አንዱ ለልጅ ልጅዎ ነበር፤ አሁን የሚደፋ ነው። የመንግሥት ነው ያሉኝ ይህንን ነው።»

አንዱን ብልቃጥ አንስተው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ልጄ ምንም አላለችኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«ምን ብዬ ልንገራት? 'አባትሽ መሰላል አዋሱ' ልበላት?»

ይህን ማለቴ ጭካኔ ነው፤ ግን አልጸጸትበትም። ሽማግሌው ብልቃጡን በሁለት እጃቸው ወደ ካርቶኑ መለሱት።

በዚህ መሃል ጎረቤታቸው ቀለም ቀቢው ደረሰ። እንደ ልማዱ ሰላምታውን ወርውሮ መሰላሉን ማውረድ ጀመረ።

«ቆይ» አሉት። «የማን ጣሪያ ነው?»

ቀቢው ሳቀና ወደ እኔ ዞሮ፣ «አሟቸዋል እንዴ?» አለኝ።

«የማን ጣሪያ ነው? ማን ነው የሚያሠራህ?»

«የዳቦ ቤቱ ነዋ አባባ፤ ባለቤቲቱ ናት። ምነው፣ ተቀያየምን እንዴ?»

«አልተቀያየምንም። ከዛሬ ጀምሮ ይህ መሰላል የሚወጣበትን ጣሪያ አውቃለሁ። ፊቱን ያዝ፤ ኋላውን እኔ እይዛለሁ።»

እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ተሸክመው ሄዱ።

ሰኞ ሶላሩ ሲገጠም ሽማግሌው ከመሰላሉ ሥር ቆመው እያንዳንዱ ብሎን መበየዱን በየተራ እየጮኹ ጠየቁ። በያጁ እስኪሰለቸው ድረስ። ሰፈሩንም ሰብስበው ሁለት ነገር አስማሙ፦ የጋራ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ማን እንደላከው ይጠየቃል፤ የማን እንደነበረ ያልታወቀ ሶላር ደግሞ ማንም አይገዛም። «ገዢ ካጣ ሌባ ሶላሩን ቀቅሎ ይብላው» አሉ፤ ሰውም ሳቀ፣ ተስማማም። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ቱታ ለባሾች የትምህርት ቤቱን ሶላር ልናጥብ ነው ብለው መሰላል ለመዋስ መጡ። «እሺ፣ ከላካችሁ ሰው ጋር አብረን እንሂድ» ሲሏቸው መሣሪያ ረሳን ብለው ወጡ፣ በዚያው ቀሩ። አናጢው የመኪናቸውን ታርጋ በጠመኔ ሳንቃ ላይ ጽፈው ያዙ። ሳንቃውን ተሸክመን ፖሊስ ጣቢያ ስንገባ መርማሪው «እናጣራለን» ብሎ አልሸኘንም፤ ኮፍያውን አንሥቶ ተነሣ። ሰዎቹ ዛሬ ታስረዋል።

ኩፍኙ ወደ እኛ ሰፈር ሳይወርድ አዲሱ ክትባት ደረሰ። ሕፃኗን ያመጧት አያቷ ራሳቸው ናቸው፤ እናቷ ከኋላ ትከተላለች። መርፌውን ሳዘጋጅ እጃቸውን ዘረጉና አስቆሙኝ።

«ቆይ ሲስተር። ይህ ከየት ነው የመጣው? ፍሪጁስ ትናንት ሙሉ ቀን ሠርቷል?»

ልጃቸው አፍራ፣ «አባዬ፣ ሲስተርንም ይጠይቃሉ?» አለች።

«ሁሉም ሰው ይጠየቃል» አሉ።

ፍሪጁን ከፍቼ የሙቀት መለኪያውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አጎንብሰው አዩት። ከዚያ የሕፃኗን ክንድ ገለጥ አድርገው፣ «በይ ውጊያት» አሉኝ።