በሲኒ ማስቀመጫው ላይ የቀረው ብሎን

የምስክሩ ስም፦ በሰፈሩ «ጋሽ ቸርኬ» በመባል የሚታወቅ
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ ብስክሌት ጠጋኝ
አድራሻ፦ ከትራፊክ መብራቱ ማዶ ያለው ብስክሌት መጠገኛ፤ መኖሪያው ከበላዩ ፎቅ ላይ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡20
ጉዳዩ፦ ማክሰኞ ዕለት በመብራቱ ላይ አንዲት ብስክሌተኛ ስለመውደቋ

እኔ ቃሌን የምሰጠው ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ መጥቼ ነው። ሱቄን እንኳ አልዘጋሁም። የዳቦ መኪና ሾፌሩ፣ ሰፈሩ በአነዳዱ ዝግታ «ቀስ በል» የሚለው፣ ብስክሌት ትነዳ የነበረችውን መምህርት ገጭቷል ተብሎ ትናንት መያዙን የሰማሁት ዛሬ ጠዋት 2፡30 ላይ ነው። ዳቦ ሳይመጣ ሲቀር ባለሱቋን ብጠይቃት «ቀስ በል ታሰረ እኮ ጋሼ፣ አልሰሙም?» አለችኝ። ይህ ሰው በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ድመት እንኳ ገጭቶ አያውቅም፤ የፊታችን ዓርብ የመጨረሻ ዳቦውን አድርሶ ጡረታ ይወጣል። እሱ አልገጫትም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ከመነሻው አስረዳለሁ።

የወደቀችው መምህርት የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ስትሆን፣ ልጄን ሒሳብ ያስተማረች ጎረቤቴ ናት። ከአንድ ወር በፊት ኮርሳ የሚባለውን የእሽቅድድም ብስክሌት ገዝታ፣ ጫማን ቆልፎ የሚይዝ ፔዳል እንድገጥምላት ጠየቀችኝ። ለመምረጥ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ደብተሯን ይዛ ትመጣለች፤ የእያንዳንዱን ፔዳል ክብደትና ለመፈታት ስንት ዲግሪ እንደሚዞር በሰንጠረዥ ጽፋለች። በመጨረሻ ሁለት ዓይነት ቀረላት። አንደኛው ሰፊው፣ የተወዳዳሪዎቹ ነው፤ ጉልበት አያባክንም፣ ግን መቆለፊያው ከጫማው ሥር ወጣ ስለሚል ሲራመዱበት እንደ ዳክዬ ያስኬዳል። ሁለተኛው ትንሹ ነው፤ በሁለቱም ፊቱ ይቆልፋል፣ መቆለፊያ ብረቱም ሶሉ ውስጥ ስለሚገባ እንደ ልብ ያራምዳል። እኔም «አንቺ መምህርት፣ ልትወዳደሪ ነው ወይስ ክፍል ልትገቢ?» ስላት ሳቀችና ትንሹን መረጠች። ምርጫዋ ትክክል ነበር፤ ይህ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ።

በሱቄ አንድ ደንብ አለ። እንዲህ ያለ ፔዳል የገጠምኩለት ሰው ብስክሌቱ ላይ ሆኖ፣ ግድግዳ ይዞ፣ ሠላሳ ጊዜ ሳይቆልፍና ሳይፈታ ከበሬ አይወጣም። ተረከዝን ወደ ውጭ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ይለቃል። መምህሯ ቅዳሜ ዕለት ሠላሳውን ጮክ ብላ ቆጥራ ጨርሳ፣ ሠላሳ አንደኛውን ምርቃት ጨምራለች።

ማክሰኞ ከቀኑ 10፡20 ላይ የግራ ጫማዋ ጣቶቿን ወደ ውስጥ እንደሚያዞርባት ልትነግረኝ መጣች። መቆለፊያ ብረቱን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈትቼ ሲኒ ማስቀመጫ ላይ አኖርኳቸው፤ ብረቱን ለአመል ያህል አዞርኩት፤ አንዱን ብሎን መልሼ አጠበቅሁ። ሁለተኛውን ላነሳ ስል ስልኬ ጮኸ። የልጄ ባል ነው። ልጄ መንታ ሴቶች መውለዷን፣ ሦስቱም ደህና መሆናቸውን ነገረኝ። ጮቤ ረገጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ በመፍቻዎቹ መሃል ዘለልኩ፤ መምህሯም «ተማሪዬ! ተማሪዬ!» እያለች አብራኝ ዘለለች፤ ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ ጫማዋን አቀበልኳት። ሠላሳውን አላስቆጠርኳትም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው እንደኔ ላለው ነው።

ከቀኑ 10፡50 ላይ አንድ ዙር ነድታ ስትመለስ በሬ ላይ ቆሜ አየኋት። መብራቱ ቀይ ሆነ። ቀስ በል መኪናውን ከኋላዋ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ አቆመ፤ ይህንን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። መምህሯ ፍሬን ይዛ የግራ ተረከዟን ጠመዘዘች። ደግማ ጠመዘዘች። ከዚያ ምንም ነገር ሳይነካት፣ እንደተቀመጠች፣ በቀስታ ወደ ግራ ጋደል ብላ ወደቀች። መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። ጫማዋ ዞሯል፣ ብረቱ ግን ፔዳሉ ውስጥ እንደተቆለፈ ነው። ብረቱ በአንድ ብሎን ብቻ ሲያዝ፣ ብሎኑ ላላ ካለ ጫማው በላዩ ይሽከረከራል እንጂ ከፔዳሉ አይለቅም። ወዲያው ገባኝ።

መምህሯ መሬት ላይ ሆና ትስቅ ነበር። ሳቁ መናገር ስለከለከላት ሰዉ የምታጣጥር መስሎት «ገጫት! ገጫት!» እያለ ጮኸ። ጫማዋን ፈትቼ እግሯን አወጣሁና ክሊኒክ ወሰድኳት። ክርኗ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆነችም። እዚያ ለጠየቃት ፖሊስ «ተረከዜን በትክክል አዙሬያለሁ፤ የሆነ ነገር ይዞኝ ነበር» ብላ የምታውቀውን ተናገረች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ። አርባ ዓመት የሠራ እጅ ብሎን ረሳ መባልን ፈራሁ። እኛ ክሊኒክ ከሄድን በኋላ ሾፌሩ በሰዉ ጩኸት መያዙን አላውቅም ነበር፤ ቢሆንም በዝምታዬ አፍሬያለሁ።

ስለ ብሎኑ ተጠይቄ፣ ከክሊኒክ ስመለስ ሲኒ ማስቀመጫው ላይ እንዳገኘሁት አስረድቻለሁ። ዛሬ ወደዚህ ስመጣ የመምህሯን በር አንኳኩቼ እውነቱን ነገርኳት። ትቆጣለች ስል «ታዲያ እኔ አልተሳሳትኩም ማለት ነው!» ብላ እንደገና ሳቀችና ጫማውን ሰጠችኝ። ጫማውንና ብሎኑን አቅርቤያለሁ፤ መርማሪውም ብረቱን በጣቱ አሽከርክሮ አይቶታል።

ቀስ በል ከዚህ ክፍል ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ስገባ «ምናልባት ሳላውቀው ነክቻት ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። አንጀቴን በላው። የገዛ ዓይኑን እንዲጠራጠር ያደረገው የኔ አንድ ብሎን ነው። አልነካሃትም ብዬዋለሁ፤ ግን ከኔ ብቻ ሳይሆን ከፖሊስ አፍ እንዲሰማው እለምናለሁ። ጫማውና ብሎኑም ከዓርብ በፊት እንዲመለሱልኝ አመለክታለሁ። መምህሯ ቀስ በልን በመጨረሻ የሥራ ቀኑ ከዳቦ መጋገሪያው እስከ መጨረሻው ሱቅ በብስክሌት ልታጅበው ወስናለች። ሠላሳውን ግን መጀመሪያ እኔ ፊት ትቆጥራለች።

ይህ ቃል ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያልኩት ሁሉ አለበት፣ ያላልኩት የለበትም። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቃለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሩ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ሲናገሩ ቃሉን መጻፍ ሁለት ጊዜ ተቋርጧል። ከጠዋቱ 4፡10 ላይ ሾፌሩ ተጠርተው መንጃ ፈቃዳቸው ተመልሶላቸዋል። «አልነካኋትም ማለት ነው?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል። ሁለቱንም ጊዜ አልነኳትም ተብለዋል።