ጓጉንቸሩ ቴፒ፣ መክፈቻው ሚዛን

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ «ፋይልህ ጠፍቷል፣ ስምህ የለም» ብለው ከትምህርት ያስቀሩኝን ሰዎች እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። ዘንድሮ ደግሞ ልጄ ንጋቷ ሚዛን ከምትማርበት ኮሌጅ እያለቀሰች መጥታ «አባባ፣ ውጤትሽ የለም ተባልኩ» ስትለኝ ደሜ ፈላ። በባጃጅ ከነፍኩ።

ሬጅስትራሩ ደጃፍ ስደርስ ሁለት ሰዎች ይጨቃጨቃሉ፤ ኃላፊው አቶ ወልደጻድቅና አዲሷ የኮምፒውተር ባለሙያ ማህደር። ከጭቅጭቃቸው ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ውጤት የያዘውን ሰርቨር መብረቅ አቃጥሎታል። ግልባጩ ማታ ማታ ቴፒ ወዳለው ቅርንጫፍ ይላክ ነበር፤ ግን ማሽኑ ሁልጊዜ የቴፒውን ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ፓስወርዱን የሚያውቁት አቶ ወልደጻድቅ ብቻ! እሳቸው ለቅሶ ማሻ ሄደው ሰንብተዋል። ማሽኑ «ፓስወርድ ያስገቡ» እንዳለ፣ የሰሞኑን ውጤት ሳይልክ ተቃጠለ።

«ቀብር ሄድክ ብላችሁ ልትከሱኝ ነው?» አሉ አቶ ወልደጻድቅ።

«እግዜር ያጽናዎት ጋሼ። ማሽኑ ሰው አይጠብቅ ነው የምለው» አለች ማህደር።

«ታዲያ ፓስወርዱን ፕሮግራሙ ውስጥ ልጻፈው? ያየው ሁሉ እንዲገባበት?»

«እሱማ ቁልፍ በር ላይ ሰክቶ መሄድ ነው። ፓስወርዱ ይቅርና ቁልፍ ሠርተን ቴፒ እንላክ።»

«ቁልፍ ለቴፒ! ልጅት፣ ጤና የለሽም?»

እኔም እንደሳቸው ተቆጣሁ። ለካ ጥፋቱ የቋንቋችን ነው፤ መክፈቻውንም መቆለፊያውንም ቁልፍ እንላለን።

«የሚሄደው ጓጉንቸሩ ነው» አለች ማህደር። «መክፈቻው እዚሁ አዲስ በምንተክለው ማሽን ውስጥ ይደበቃል። ማሽኑ በሰዓቱ ራሱ ከፍቶ ግልባጩን ያስቀምጣል። ጓጉንቸር ያየ ሰው ምን ይወስዳል?»

«መክፈቻውን የሰረቀስ?»

«ግልባጭ ከማስቀመጥ በቀር ምንም እንዳይችል፣ የድሮውንም እንዳይሰርዝ እናስረዋለን። ከተሰረቀ ቴፒዎቹ ጓጉንቸሩን አውልቀው ይጥሉታል። ግልባጩ ሳይሄድ ከቀረም ስልክዎ ላይ መልእክት ይደርስዎታል።»

«እኔ ይህን ፓስወርድ ለሚስቴ እንኳ አልነገርኩም!» ብለው ደረታቸውን ነፉ።

ይህን ጊዜ መታገሥ አቃተኝ። «እሰይ! ፓስወርዱን ጠበቁት። የልጄን ውጤትስ ማን ጠበቀው?»

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ሙሴ እባላለሁ፣ የንጋቷ አባት። ስሙ የጠፋ ሰው።»

አቶ ወልደጻድቅ ወደ ተቃጠለው ማሽን ዞሩ። «በሩን ስጠብቅ ቤቱ አለቀ» አሉ። «በይ ሥሪው ልጄ።»

ንጋቷ ግን ያለ ጥፋቷ ፈተናውን እንደገና ተፈተነች፤ ይህ አሁንም ያንገበግበኛል። የቢሮ ሰዎች ሆይ፣ ሰው ይታመማል፣ ያዝናል፣ ይድራል፤ የሰው ልጅ ዕድል በአንድ ሰው ጣት ላይ አይንጠልጠል! አቶ ወልደጻድቅ ይኸው ለሠርግ ማጂ ሄደው ከርመው መጡ፤ ግልባጩ አንድም ማታ አልቀረም።

እኔ ግን ካላየሁ አላምንም ብዬ ሄድኩ። ማህደር ከቴፒ የመጣውን ግልባጭ ከፍታ ጣቷን አሳረፈችበት። «ይኸው ጋሽ ሙሴ።»

«ንጋቷ ሙሴ» ይላል። የእኔም ስም አለ።