የባለ ጥልፏ እጅ

«አካም ጅርታ፣ ዙሀይራ ልጄ? የሳነቴ ብርድ ዘንድሮ በጊዜ ወረደብን። ልጆቹስ ደህና ናቸው?...»

እትዬ አሰፋች ከጎባ ወደ ሮቤ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ከጎረቤታቸው ከዙሀይራ አጠገብ ተደላድለዋል። ከፊታቸው ባለው ወንበር አንዲት የሰፈራቸው ሴት የተጠቀለለ የግድግዳ ጥልፍ ታቅፋለች። የጠለፉት እሳቸው ናቸው። ቁርጥማቱ አልጋ ላይ ቢጥላቸው ጎባ ኤግዚቢሽኑ ድረስ አድርሺልኝ ብለው ሰጧት፤ በእሷ ስም ተሰቅሎ ሰነበተ። ዛሬ ሻል ሲላቸው ሄደው፣ ከሕዝቡ ኋላ ቆመው፣ ሁሉንም አይተዋል። ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ደርሷል።

«እኔማ ደስ ብሎኝ ዋልኩ፣» አሉ፣ ድምፃቸው ፊት ወንበር ድረስ እንዲሰማ አድርገው። «በሰፈራችን እንዲህ ያለ እጅ እንዳለ መች አውቄ? ስሟ ምን ያደርግልሻል... በትልቁ ተጽፏል፤ ከጥልፉ ስሟ ይደምቃል። ያ ተራራ፣ ያ ቀይ ቀበሮ! የተራራው አናት ላይ ደግሞ ረዘም፣ ላላ ያለ ስፌት አለ። እኔ ሞኟ፣ ጣቷ ያበጠ ሴት መርፌ መቆንጠጥ አቅቷት ያጋደመችው መስሎኝ... ለካ ጉም ኖሯል! ‹ሆን ብዬ ነው› ብላ አስረዳችን። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይሉ ነበር፤ አሁን ሥራው ለተሸካሚው ሆነ መሰለኝ?»

ሴትየዋ ሻሿን ወደ ጆሮዋ ሳበች። ዙሀይራ ከንፈሯን ነክሳ በመስኮቱ የስንዴ ማሳ ታያለች።

እትዬ አሰፋች ቀጠሉ። እንግዶቹ እስቲ ጥቂት ጠልፈሽ አሳዪን ብለው መርፌና ክር ቢያቀብሏት፣ እጇን ጉያዋ ሸጉጣ፣ ዛሬስ አልችልም፣ ቁርጥማት ይዞኛል ማለቷን ተረኩ። ጥልፉ አልበቃ ብሏት ሕመማቸውንም ተውሳለች።

«አንጀቴን በላችው! እንደ ሸንበቆ ቀጥ ባለ ጣት ውስጥ ቁርጥማት ተደብቆ... ማን ይጠረጥራል?»

ሮቤ ደረሱ። እትዬ አሰፋች እስካሁን ከጋቢያቸው ስር የነበረውን፣ አንጓው ያበጠ፣ ጣቱ የተጣመመ እጃቸውን አወጡና ለመነሳት የፊቱን ወንበር ጨበጡ፤ ልክ ከሴትየዋ ጆሮ አጠገብ።

«ጥልፉን ያየ ሁሉ ‹እጅሽን ቁርጥማት አይንካው› ሲላት ሰማሁ። እኔ ግን ይዞኛል ያለችው ውሸት ሆኖ እንዲቀርባት አልፈልግም። ሁሉን ቆጥረሽ ነው የምትሰጪው ትሉኛላችሁ፤ በምርቃት ግን አልቆጥብም። እግዜር የባለ ጥልፏን እጅ ይስጣት... እንዳለ፣ ከነመገጣጠሚያው።»